ባለሟል የጻፈውን የንጉሥ ታሪክ እንዴት እናንብብ? ከአይንሃርድ ጀምሮ እስከ ሐረር

የንጉሥን ታሪክ የገዛ ባለሟሉ ሲጽፈው አንባቢው ከሁለት ስሕተት አንዱ ላይ ይወድቃል። አንዱ፣ «ቤተ መንግሥት ውስጥ የኖረ ሰው ነው፤ ያየውን ነው የጻፈው» ብሎ ሁሉን መቀበል ነው። ሌላው፣ «እንጀራውን የሚበላበትን ጌታ ሊያማ ነው እንዴ?» ብሎ ሁሉን መጣል ነው። ሁለቱም ሥራውን መሸሽ ናቸው። ሥራው አንድ ጥያቄ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ መደጋገም ነው፦ ጸሐፊው ይህን ከየት አወቀው?

ይህ መመሪያ በድሬዳዋና በሐረር አብረው ለሚያነቡ መምህራን፣ ተማሪዎችና አስጎብኚዎች የተዘጋጀ ነው። ልምምዱ የሚጀምረው ከአይንሃርድ ነው፤ በምዕራብ አውሮፓ የነበሩት የፍራንኮች ንጉሥ የሻርለማኝን የሕይወት ታሪክ በላቲን ከጻፈው ሊቅ። ከሩቅ አገር ሰው መጀመር ይጠቅማል። በአሚር ኑር ወይም በዐፄ ገላውዴዎስ ታሪክ ከጀመራችሁ ገና ገጽ ሳይገለጥ ወገን ይለያል። በሻርለማኝ ግን የሚቆጣ የለም። እጅ ከተፍታታ በኋላ ወደ አገር ቤት መምጣት ይቀላል። ደግሞም መጽሐፉ አጭር ነው፤ 33 ትንንሽ ምዕራፎች ብቻ፣ በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ። እንግሊዝኛ ትርጉሙ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል።

ጸሐፊውን ማወቅ

አይንሃርድ በ770 ዓ.ም. ገደማ ተወለደ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በፉልዳ ገዳም ተማረ፤ በ790ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሻርለማኝ ቤተ መንግሥት ተላከ። ቁመቱ አጭር፣ እጁ ብልህ ነበር፤ የቤተ መንግሥቱ ሰዎች በቅጽል ስም «ባስልኤል» ይሉት ነበር፤ በኦሪት ዘጸአት የማደሪያውን ድንኳን የሠራው ጠቢብ ማለታቸው ነው። በ806 ወደ ሮማ በመልእክተኛነት ሄደ። ሻርለማኝ በ814 ሲሞት የልጁ የሉዊ ባለሟል ሆኖ ቀጠለ፤ በ815 ርስት ተሰጠው፤ በ840 ዐረፈ። መጽሐፉን የጻፈው ንጉሡ ከሞተ በኋላ በልጁ ዘመን ነው። ይህችን አትርሷት፤ የሚሞገሰው ሞቷል፣ የሚያነበው ግን ዙፋን ላይ ተቀምጧል።

በእኛ ቋንቋ ለዚህ ዓይነቱ ሰው ጸሐፌ ትእዛዝ የሚል የቆየ ማዕርግ ስላለን ቦታው ቶሎ ይገባናል። አይንሃርድ ራሱም አይደብቅም። መቅድሙ ላይ ሁለት ነገር ይናገራል፦ የሚጽፈው በቦታው ተገኝቶ ያየውን እንደሆነ፣ ደግሞም ንጉሡ ስላሳደገውና ወዳጅ ስላደረገው ውለታ እንዳለበት። የመጀመሪያው ቃል ምስክርነቱን ያጠነክራል፤ ሁለተኛው ያላላዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስታወሻችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፏቸው።

ዝግጅት

ከ6 እስከ 8 ሰው ይበቃል። ከዚያ ከበዛ ሁለት ሰው ያወራል፣ ሌላው ያዳምጣል። ቡድኑ ውስጥ አንድ አረብኛ የሚያነብና አንድ ግእዝ የሚያነብ ሰው እንዲኖር ጥረት አድርጉ። ሌላ ከተማ ይህ ከባድ ይሆን ነበር፤ ሐረርና ድሬዳዋ ላይ ግን ቁርኣን ቤት የተማረና ዳዊት የደገመ ሰው አንድ ሰፈር ውስጥ ይገኛሉ። ይህ ዕድል በዋዛ መታለፍ የለበትም።

አራት ቀን መድቡ፤ በየቀኑ ሁለት ሰዓት። ድሬዳዋ ላይ ከ11 ሰዓት በፊት አትጀምሩ፤ ሙቀቱ ሰውን ያደነዝዛል። ሐረር ላይ 9 ሰዓትም ይሆናል። ሁሉም ሰው የጽሑፉ ኮፒ፣ እርሳስና ባለመስመር ደብተር ይያዝ። ደብተሩ ተገልጦ ሁለቱ ገጽ አንድ ላይ በአራት ዓምድ ይከፈል፦ ጸሐፊው ያለው፤ ከየት አወቀው፤ ማንን መሰለ፤ ምን ዝም አለ።

ሁለተኛው ዓምድ ላይ ረጅም ሐተታ አትጻፉ። ሦስት ፊደል ይበቃል፦ «ዐ» በዓይኑ ያየው፣ «ሰ» የሰማው፣ «ጽ» ከጽሑፍ ያገኘው። ምልክት ማድረግ ያቃታችሁ ቦታ ባዶ ይቅር። በባዶ ቦታ የሚያፍር አንባቢ በግምት ይሞላዋል፤ ከሳምንት በኋላም ግምቱን እንደ እውነት ያነበዋል።

ዘመኑን መቁጠር

ሻርለማኝ የነገሠው ከ768 እስከ 814 ነው። አይንሃርድ የመጣው በ790ዎቹ መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ከ46 ዓመት ግዛት ውስጥ «ዐ» ሊባል የሚችለው የመጨረሻው 20 ዓመት ገደማ ብቻ ነው። የጦርነቱ ምዕራፎች (ከ5 እስከ 14) አብዛኛው ክፍላቸው ከዚያ በፊት የሆነ ስለሆነ «ሰ» ወይም «ጽ» ናቸው። የምግቡ፣ የልብሱ፣ የእንቅልፉ፣ የሕመሙ ምዕራፎች (ከ22 እስከ 25፣ 30) ግን «ዐ» የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው። ይህን ድንበር በእርሳስ ኮፒው ላይ አስምሩበት።

የጽሑፍ ምንጩ እንደሚሳሳትም ወዲያው ታያላችሁ። ምዕራፍ 1 ላይ የቀድሞው ሥርወ መንግሥት የመጨረሻ ንጉሥ በጳጳሱ በእስጢፋኖስ ትእዛዝ ወረደ ይላል። ንጉሡ የወረደው በ751 ነው፤ የዚያን ጊዜ ጳጳስ ዘካርያስ ነበር፣ እስጢፋኖስ የተሾመው በ752 ነው። እዚያው ምዕራፍ ላይ የወረዱት ነገሥታት ጸጉራቸውንና ጢማቸውን አሳድገው በበሬ በሚጎተት ጋሪ የሚዞሩ የስም ነገሥታት ሆነው ይሳላሉ። እነርሱን ያወረደው የሻርለማኝ አባት እንደሆነ ካስታወሳችሁ ያ በሬ ለምን እንደተጠራ ይገባችኋል።

ሰዓት ላይ ደግሞ ለእኛ ብቻ የተዘጋጀች ወጥመድ አለች። ላቲኑ ንጉሡ የሞተው በቀኑ ሦስተኛ ሰዓት ነው ይላል። የሮማውያን ሰዓት እንደኛው ከንጋት ስለሚቆጠር ይህ በእኛ አነጋገር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ ምንም መቀየር አያስፈልግም። እንግሊዝኛው ግን በራሱ አቆጣጠር «ዘጠኝ» ብሎታል። ከእንግሊዝኛው ቀጥታ የገለበጠ ሰው ንጉሡን በ9 ሰዓት ይቀብረዋል።

ሞዴሉን ማግኘት

ዋናው ሥራ እዚህ ነው፤ አንድ ሙሉ ቀን ስጡት። አይንሃርድ መጽሐፉን የሠራው ሮማዊው ስዌቶኒዩስ ከ700 ዓመት በፊት የጻፋቸውን የቄሣሮች ታሪኮች አርአያ አድርጎ ነው፤ በተለይ የአውግስጦስ ቄሣርን። የአይንሃርድን ምዕራፍ 24 እና የስዌቶኒዩስን አውግስጦስ ምዕራፍ 77 እና 78 አውጥታችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡ።

መጠጥ፦ አውግስጦስ በጦር ሰፈር ሳለ ራት ላይ ከሦስት ጊዜ በላይ አይጠጣም። ሻርለማኝም ማዕድ ላይ ከሦስት ጊዜ በላይ የሚጠጣው ከስንት አንድ ቀን ነው። ቁጥሩ ያው ነው፤ ቃሉም ይቀራረባል። የሌሊት እንቅልፍ፦ አውግስጦስ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይነቃል። ሻርለማኝ አራት ወይም አምስት ጊዜ ይነቃል፤ ከዚያም ከአልጋው ይነሣል። እዚህ ሲደርስ ቡድኑ ውስጥ አንድ ሰው «ገለበጠው እኮ!» ማለቱ አይቀርም። እዚያ ላይ እንዳትቆሙ፤ ቀጥሉ።

የቀትር ዕረፍት፦ አውግስጦስ ከምሳ በኋላ ልብሱንና ጫማውን ሳያወልቅ ጋደም ይላል። ሻርለማኝ ደግሞ በበጋ ፍራፍሬ ይበላል፣ አንዴ ይጠጣል፣ ከዚያ እንደ ሌሊት ልብሱንና ጫማውን አውልቆ ሁለት ሦስት ሰዓት ይተኛል። አሁን ደግማችሁ አንብቡ። ድሬዳዋ ላይ የቀትር እንቅልፍ ማንንም አይገርምም፤ ጫማው ግን ለምን ተነሣ? አይንሃርድ ስለ ጫማ ሊያስብ የሚችለው የስዌቶኒዩስ ገጽ ፊቱ ተገልጦ ስለነበረ ነው። ሮማዊው «ሳያወልቅ» ሲል አየ፤ የራሱን ጌታ አሰበ፤ «አይ፣ የእኔ ያወልቃል» አለ። አርአያው እንደ መጠይቅ ነው ያገለገለው። መልሱን ግን ሰውየውን ከማወቅ ነው ያመጣው።

ከዚህ የሚወጣው የሥራ ደንብ ግልጽ ነው። ከአርአያው ጋር አንድ የሆነ ነገር ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ብቻውን አይመሰክርም ማለት ነው። ከአርአያው የተለየ ነገር ግን ከባድ ሚዛን አለው። እዚያው ምዕራፍ 24 ላይ አዳኞች በእንጨት ሰክተው የሚያቀርቡት ጥብስ ከአራቱ ወጥ ተለይቶ እንደሚቆጠር፣ ንጉሡም ጥብሱን ከምንም በላይ እንደሚወድ ይነገራል። ምዕራፍ 22 ላይ ሐኪሞቹ ጥብሱን ትቶ ቅቅል እንዲበላ ስለመከሩት እንደጠላቸው ይናገራል። ይህ አርአያውን ለማሟላት የገባ አይደለም።

ሌላው መለኪያ የሚያሳፍር ነገር ነው። ጾም ሰውነቴን ይጎዳኛል እያለ ያማርር እንደነበር አይንሃርድ ጽፎታል፤ ክርስቲያን ንጉሥን የሚያወድስ ሰው ይህን ፈጥሮ አይጨምርም። ሻርለማኝ መጻፍ ለመማር ሰሌዳና ብጣሽ ብራና ትራሱ ሥር እያኖረ በትርፍ ጊዜው ፊደል ይሞክር እንደነበር፣ ነገር ግን ዘግይቶ ስለጀመረ እንዳልሆነለት ምዕራፍ 25 ይናገራል። እንዲህ ያለውን ቦታ በክብ አድርጉት።

በተቃራኒው፣ ምዕራፍ 28 ላይ በ800 የገና ዕለት ሮማ ላይ የንጉሠ ነገሥት ዘውድ ሲደፋለት፣ የጳጳሱን ሐሳብ ቢያውቅ ኖሮ በዚያ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ እንደማይገባ ተናግሯል ይላል። ክብርን አልፈልግም ማለት የአውግስጦስም ወግ ነው። ገድል ያነበበ ሰው ደግሞ «አይገባኝም» ብሎ ከሹመት የሚሸሹ መነኮሳትን ያውቃል። ስለዚህ ሦስተኛው ዓምድ ላይ «ወግ» ብላችሁ ጻፉ። ሐሰት ነው ብላችሁ ግን አትደምድሙ፤ ወግ የሚያውቅ ንጉሥ ወጉን ራሱ ሊናገረው ይችላል።

ስለ ቁመቱ የተባለውን ደግሞ በሜትር ሞክሩት። አይንሃርድ ንጉሡ ከራሱ እግር ሰባት እጥፍ ይረዝማል ነው ያለው። ሰነፍ አንባቢ ሰባት የእንግሊዝ ጫማ መስሎት 2 ሜትር ከ13 ያደርገዋል። እያንዳንዱ ሰው ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ይለካ፤ በሰባት ያባዛ። 26 ሳንቲሜትር እግር 1 ሜትር ከ82 ይሰጣል። ጀርመን አገር አኸን ያለው የንጉሡ አጽም ሲመረመር 1.84 ሜትር ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። የብዙዎቻችሁ ቁመት ከሰባት እጥፍ እንደሚያንስ ታያላችሁ፤ ስለዚህ የአይንሃርድ ቃል «ረጅም ነበር፣ ግን ከልክ አላለፈም» የሚለውን በትክክል ይይዛል።

ዝምታና ጥፋት ማሸጋገር

ዝምታን ለማግኘት ሁለተኛ ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ ከአንድ መጽሐፍ ብቻ ዝምታ አይሰማም። ለሻርለማኝ የፍራንኮች የቤተ መንግሥት ዓመታዊ መዝገብ አለ። መዝገቡ በ782 ቨርደን ላይ 4,500 ሳክሶኖች በአንድ ቀን አንገታቸው እንደተቀላ ይናገራል። አይንሃርድ የሳክሶኑን ጦርነት 33 ዓመት የፈጀ ብሎ በሰፊው ይጽፋል፤ ይህችን ቀን ግን አያነሣትም። ደግሞ የሚገለበጥበት ቦታ አለ፦ በ778 በፒሬኔ ተራሮች የደረሰውን ሽንፈት የመዝገቡ የመጀመሪያ ቅጂ ዘልሎት፣ አይንሃርድ ግን ሮላንን ጨምሮ የሞቱትን መኳንንት በስም ይጠራል። ስለዚህ «ባለሟል ሽንፈትን ይደብቃል» የሚል ጥቅል ሕግ አታውጡ። ሁለቱን ካነጻጸራችሁ፣ አይንሃርድ ጌታው የተጠቃበትን ይናገራል፤ ጌታው ያጠቃበትን ግን አንዳንዴ ይተዋል።

ምዕራፍ 20 ላይ በንጉሡ ላይ ሁለት ሤራ መነሣቱን ጽፎ ምክንያቱን የንግሥቲቱ የፋስትራዳ ጭካኔ ያደርገዋል፤ ንጉሡ እሷን ሰምቶ ከተፈጥሮ ርኅራኄው ወጣ ይላል። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ጥፋት ሁሉ ወደ ሚስት፣ ወደ አማካሪ፣ ወደ ሹም ሲሸጋገር ባያችሁ ቁጥር አራተኛው ዓምድ ላይ ምልክት አድርጉ። በምዕራፍ 3 ላይም የንጉሡ ወንድም ሲሞት ሚስቱ ልጆቿን ይዛ ወደ ኢጣሊያ የሸሸችው ያለ ምንም ምክንያት ነው ይላል። የወንድሙን ግዛት ሻርለማኝ እንደወሰደ ስታስታውሱ፣ «ያለ ምክንያት» የሚለው ቃል ራሱ ምክንያቱን ያሳያችኋል።

አራተኛው ቀን፦ ወደ ሐረር

አሁን አረብኛ አንባቢው ወደፊት ይምጣ። ዐረብ ፈቂህ በመባል የሚታወቀው ሺሃብ አድ-ዲን አሕመድ ስለ ኢማም አሕመድ ዘመቻ የጻፈው «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» እጃችን ላይ ያለው በመጀመሪያው ክፍሉ ብቻ ነው። ከጎኑ ኢማሙ በ1543 የሞተበትን ጦርነትና የነገሩን ቀጣይ የሚተርከውን የዐፄ ገላውዴዎስን የግእዝ ዜና መዋዕል አስቀምጡ። አርአያቸውን ፈልጉ። የግእዙ ጸሐፊ ነገሥታትን በዳዊትና በሰሎሞን ይመዝናል፤ ስለዚህ መጽሐፈ ሳሙኤልና ነገሥት ጠረጴዛው ላይ ይኑሩ። ዐረብ ፈቂህ ደግሞ በነቢዩ ዘመቻዎች ትረካ ወግ ውስጥ ነው የሚጽፈው፤ «ተራኪው አለ» እያለ ወሬውን ይቀጥላል። ይህ ለ«ሰ» ምልክት ምቹ ነው፤ ጸሐፊው ራሱ ምንጩን ያቀብላችኋል።

ስም ላይ ቶሎ ተስማሙ። ግእዙ «ግራኝ» ይላል፣ ሐረር «ኢማም አሕመድ» ትላለች። ደብተሩ ላይ ጽሑፉ የሚለውን እንዳለ ጻፉ፤ ጥቅስ ነውና አይለወጥም። በንግግር ግን አንድ ስም ምረጡ፤ ኢማም አሕመድ የሚለው ማንንም አያስቀይምም። ይህን ሳይወስኑ የጀመሩ ቡድኖች ከሰዓቱን በስም ክርክር ይጨርሱታል።

ከዚያ ቁጥር ላይ ሥሩ። በ1529 የሽምብራ ኩሬ ጦርነት ላይ ዐረብ ፈቂህ የኢማሙን ጦር 560 ፈረሰኛና 12,000 እግረኛ ያደርገዋል፤ የዐፄ ልብነ ድንግልን 16,000 ፈረሰኛና ከ200,000 በላይ እግረኛ። አታምኑም፣ አትክዱም፤ በኩንታል ትቆጥራላችሁ። ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ብትመድቡ 216,000 ሰው 1,080 ኩንታል ይበላል። አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ከጫነ 2,160 አህያ ለአንድ ቀን ብቻ፤ የፈረሱ ገብስ ሳይቆጠር። የኢማሙ ጦር በዚያው ሒሳብ 63 ኩንታል ገደማና 126 አህያ ይበቃዋል። አንዱ ቁጥር ከምድር የሚበቅል፣ ሌላው ከጽሑፍ ወግ የሚበቅል እንደሆነ ለመለየት የምታስፈልጋችሁ ይህች ስሌት ነች። ጥቂቶች ብዙዎችን ድል ሲያደርጉ ሙስሊሙ አንባቢ የነቢዩን የበድር ጦርነት፣ ክርስቲያኑ የጌዴዎንን 300 ያስታውሳል፤ ሁለቱም ሦስተኛው ዓምድ ላይ ይግቡ። የራስን ወገን ቁጥር በትክክል፣ የጠላትን በጅምላ መጻፍ የሁሉም ጸሐፊዎች ልማድ ስለሆነ በግእዙም ላይ ይህንኑ ሒሳብ ሥሩ።

ዘመን ሲቀየር ጥንቃቄ ይጠይቃል። መጋቢት 1529 በኢትዮጵያ 1521 ነው፤ በሂጅራ፣ ማለት በእስልምናው አቆጣጠር፣ 935። የሂጅራ ዓመት በጨረቃ ስለሚቆጠር ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያጥራል፤ 33 የሂጅራ ዓመት 32 የፀሐይ ዓመት ያህል ነው። ስለዚህ ሂጅራ የሚጀምረው በ622 ነው ብሎ «622 ደምር» ብቻ የሚል ሰው በዚህ ዘመን ላይ 28 ዓመት ይስታል፤ 935 እና 622 ሲደመር 1557 ነውና።

የመጨረሻውን ሰዓት ለ1559 አስቀሩ። በዚያ ዓመት ዐፄ ገላውዴዎስ ከሐረሩ አሚር ኑር ጋር ሲዋጋ ሞተ። የግእዙ ጸሐፊ ጌታውን ያጣ ሰው ነው፤ ኀዘኑን በሰማዕትነት ቃል ይጽፋል። ሐረር ደግሞ አሚር ኑርን የምታስታውሰው የከተማዋን ግንብ ጁገልን በገነባ ሰውነቱ ነው። ጽሑፉን ቤት ውስጥ አንብባችሁ ስትጨርሱ ጁገል ውስጥ ወዳለው የአሚር ኑር መቃብር በእግር ሂዱ፤ ደብተራችሁን ያዙ። እዚያ የሚነገራችሁን ሁሉ ቃል በቃል አስፍሩ፤ ተናጋሪው ከማን እንደሰማ በአክብሮት ጠይቁ፤ ቀኑን ጻፉ፤ ሁለተኛው ዓምድ ላይም እንደ አይንሃርድ፣ እንደ ዐረብ ፈቂህ ሁሉ «ሰ» አድርጉበት።